ወሬው ቺፕ ሆኖ እስኪገኝ፦ የእጅ ጌም ማጫወቻዎች ሞድቺፕ ታሪክ

ሶኒ ፒኤስፒ የተባለውን የእጅ ጌም ማጫወቻ ለጃፓን ገበያ ያቀረበው ዲሴምበር 12 ቀን 2004 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በማርች 2005 አሜሪካ ገባ፤ በሴፕቴምበር አውሮፓ ደረሰ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው። ፊልም ያሳያል፣ ሙዚቃ ያሰማል፣ ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ብቻ ይታይ የነበረውን ዓይነት ጌም ያጫውታል። አንድ ነገር ግን አይፈቅድም። የገዛው ሰው ራሱ የጻፈውን ወይም ጓደኛው የሰጠውን ፕሮግራም ሊያስነሣበት ቢሞክር የሶኒን ዲጂታል ፊርማ ይጠይቃል፤ ፊርማው ከሌለ እምቢ ይላል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ ፊርማ ነው። በአንድ ወገን የራሳቸውን ፕሮግራም ሠርተው ለመሞከር የጓጉ ወጣቶች ነበሩ፤ በሌላ ወገን ጌሙን ሳይከፍሉ ኮፒ አድርገው ለመጫወት የሚፈልጉ። የሁለቱም ጆሮ የተተከለው አንድ ዜና ላይ ነበር፦ ፊርማውን የሚያልፍ መላ ተገኘ የሚል። ከሚጠበቁት መላዎች ሁሉ ትልቁ ደግሞ ሞድቺፕ ነው። ሞድቺፕ በማጫወቻው ቦርድ ላይ የሚበየድ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ማጫወቻው ሲነሣ ከፍተሻው መሀል ይገባና ያልተፈረመው ፕሮግራም እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል።

ሞድቺፕ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ከሌላ ሸቀጥ ይልቅ ይከብዳል። ቀዳዳውን በእርግጥ ያገኘ ሰው እንዴት እንዳገኘው አይናገርም፤ ከተናገረ ኩባንያው ይደፍንበታል፣ ተፎካካሪውም ይቀዳበታል። ምንም ያላገኘ አጭበርባሪም አይናገርም፤ የሚናገረው የለውምና። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ የሁለቱ ዝምታ አንድ ነው። እነዚህን ሁለት ዝምታዎች ለመለየት የተደረገው ጥረት ሃያ ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። ከመጀመሪያው እንጀምር።

2005፦ ማጫወቻውን የገደለው ስጦታ

በሜይ 2005 የሲስተም ሶፍትዌራቸው ስሪት 1.00 የሆነው የመጀመሪያዎቹ የጃፓን ፒኤስፒዎች ያልተፈረመ ፕሮግራም እንደሚያስነሡ ታወቀ። አሜሪካ የገቡት ግን ስሪት 1.50 ነበሩና ያ በር ተዘግቶባቸዋል። በጁን ወር ከስፔን አንድ ቡድን ለ1.50ም መላ አገኘ። ዘዴው ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይፈልጋል። ማጫወቻው የመጀመሪያውን ካርድ አይቶ ሲያሳልፈው ተጠቃሚው ያንን ነቅሎ ሁለተኛውን በፍጥነት ይሰካል። ማጫወቻው የፈተሸው ሌላ፣ ያስነሣው ሌላ ይሆናል። ለሰሚው ተረት ይመስላል። ሆኖም ሁለት ካርድ ያለው ሁሉ በዚያው ምሽት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሞክረው ስለሚችል ክርክር አልበዛበትም። ብዙም ሳይቆይ በአንድ ካርድ ብቻ የሚሠራ ዘዴ ተተካ።

ሶኒ በበኩሉ ስሪት 2.00ን አወጣ። እሱም አልቆየም። ማጫወቻው በተለየ መንገድ የተዘጋጀ የምስል ፋይል ሲከፍት ሚዛኑን እንደሚስት ተደረሰበት። በዚያ ቀዳዳ ገብቶ ማጫወቻውን ወደ 1.50 የሚመልስ ፕሮግራምም ተሠራ። አዲሱን ስሪት ሳያስቡ የጫኑ ብዙ ባለቤቶች ይህን ዜና በጉጉት ተቀበሉት።

በዚህ ጉጉት መሀል በኦክቶበር 2005 አንድ ፋይል መዞር ጀመረ። የቀረበው ስሪት 2.00ን የሚፈታ ተብሎ ነው። ስሙም መመሪያውም ከእውነተኞቹ ጋር ይመሳሰል ነበር። ያወረዱት ሰዎች ማጫወቻቸውን ዳግም ሲያበሩት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ፋይሉ ማጫወቻው ለመነሣት የሚያስፈልጉትን የሲስተም ፋይሎች የሚያጠፋ ነበር። የደኅንነት ኩባንያው ሲማንቴክ ጉዳዩን መርምሮ ትሮጃን ፒኤስፒብሪክ የሚል ስም ሰጠው። በእጅ ጌም ማጫወቻ ላይ ያነጣጠረ ጎጂ ፕሮግራም ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር።

ሰዎቹ የተጎዱት ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። ከሳምንታት በፊት ይኸው የመሰለ ነገር እውነት ሆኖ አይተዋል። ሐሰቱ የመጣው በእውነቱ ፈለግ፣ እውነቱ ያሞቀውን ስሜት ተከትሎ ነው። ሁለቱን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከእነሱ በፊት በራሱ ማጫወቻ ሞክሮ ውጤቱን የተናገረ የሚታወቅ ሰው አለ ወይ? ያን ያህል የጠበቀ ሰው ማጫወቻውን አተረፈ።

2006 እና 2007፦ የማይታመነው ባትሪ

በ2006 ለፒኤስፒ የመጀመሪያው ሞድቺፕ የተባለው አንዲሉትድ ፕላቲነም ወጣ። ይህ ቺፕ የሶኒን ፊርማ ሰበርኩ አላለም። በቦርዱ ላይ ተጨማሪ ማህደር (ሚሞሪ) ይበየዳል፤ በአንዱ ማህደር አዲሱ ስሪት፣ በሌላው አሮጌው 1.50 ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲያበራ የሚፈልገውን ይመርጣል። የቀዳዳው ሥራ በ1.50 አስቀድሞ ተሠርቷልና ቺፑ ያንን ስሪት ከመጥፋት ማዳን ብቻ በቃው። ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ ሰው መግለጫውን አንብቦ ይህ ይሆናል ለማለት ቺፑን ማየት አላስፈለገውም።

በሚቀጥለው ዓመት የመጣው ወሬ ግን ማንንም ያስገርም ነበር። የሞቱ ፒኤስፒዎችን፣ ያ የ2005ቱ ፋይል የገደላቸውን ሳይቀር፣ የሚያስነሣ ባትሪ አለ ተባለ። ባትሪ ኃይል ይሰጣል እንጂ ሲስተም ይጠግናል ማለት ለጤነኛ አእምሮ አይገባም። ብዙዎች ተረት ነው አሉ። በኦገስት 2007 ፓንዶራ በሚል ስም ዘዴው ይፋ ሲሆን ምክንያቱ አብሮ ተነገረ። በፒኤስፒ ባትሪ ውስጥ የመለያ ቁጥር የምትይዝ ትንሽ ቺፕ አለች። ማጫወቻው ሲነሣ ያንን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ለጥገና ተብሎ የተለየው ልዩ ቁጥር ከሆነ የውስጥ ማህደሩን ትቶ ከሚሞሪ ካርዱ ይነሣል። በሩ ለጥገና ባለሙያዎች ተብሎ በፋብሪካ የተተወ ነበር። የማንኛውም ባትሪ ባለቤት በቺፗ ላይ አንዲት እግር በመንቀል ያንን በር መክፈት ቻለ።

እንግዳ መሆን ማለት ሐሰት መሆን ማለት እንዳልሆነ የእጅ ማጫወቻ ወዳጆች ያኔ በጉልህ አዩ። ፋይሉ የሰጠው ተስፋ እንግዳ አልነበረም፤ ሐሰት ግን ነበር። ባትሪው እንግዳ ነበር፤ እውነት ግን ነበር። ጆሮ ለመደውም አልለመደውም፣ ሚዛኑ ማሽኑ ራሱ የሚሠራበት ሥርዓት ነው፦ የተባለው ነገር ከዚያ ሥርዓት ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

2013 እና 2014፦ ሁለት ወሬዎች፣ አንድ እውነት

ኒንቴንዶ 3ዲኤስን በጃፓን የሸጠው ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2011 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዲኤስ ላይ ኮፒ የሚያጫውቱ፣ ሳይበየዱ የሞድቺፕን ሥራ የሚሠሩ ካርዶች ገበያውን አጥለቅልቀውት ነበርና ኒንቴንዶ አዲሱን በደንብ አጥሮታል። ሁለት ዓመት ሙሉ የ3ዲኤስን ጌም የሚያስነሣ ካርድ አልተገኘም። ጥማቱ በዚያው ልክ አየለ።

በ2013 መጀመሪያ ላይ ክራውን 3ዲኤስ የሚል ስም ብቅ አለ። የመጀመሪያው የ3ዲኤስ ካርድ የእኛ ነው አለ፤ ቪዲዮም አሳየ። ተመልካቹ ተከፈለ። ያመኑት ቪዲዮው ላይ ማጫወቻው ሲሠራ አየን አሉ። ያላመኑት ደግሞ በቪዲዮ የሚታየው ስክሪን ነው እንጂ በውስጡ ያለው አይደለም፤ ከሱቅ የተገዛ እውነተኛ ጌምም በስክሪን ላይ ያው ነው አሉ። ወራት አለፉ። ምርቱ ለገበያ ሳይቀርብ ስሙ ደበዘዘ።

በዚያው ዓመት አጋማሽ ጌትዌይ 3ዲኤስ የሚባል ሌላ መጣ። በክራውን የተቃጠለው ሰው ይህንንም ውሸት ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። አስተዋዮች ግን አንድ ልዩነት አዩ። ጌትዌይ በሁሉም ማጫወቻ እሠራለሁ አላለም፤ ከስሪት 4.1 እስከ 4.5 ላይ ብቻ ነው የምሠራው አለ። የራሱን ገበያ የሚያጠብ ቃል ነው። ብዙ ገንዘብ ሰብስቦ ለመጥፋት ያሰበ ሰው ደንበኞቹን በገዛ አፉ አይመልስም። ገደቡ የመጣው ከማሽኑ መሆን አለበት፤ ማለትም ቀዳዳው በእነዚያ ስሪቶች ያለ፣ ከዚያ በኋላ የተደፈነ ነው። ካርዱ በኦገስት 2013 ሲሸጥ እንደተባለው ሠራ። ዕቃው ሁለት ካርድ ነበረው፦ ሰማያዊው ካርድ በዲኤስ መገለጫ ቅንብር በኩል ቀዳዳውን ይከፍታል፤ ቀዩ ካርድ የ3ዲኤሱን ጌም ይይዛል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ካርዱ ሲሸጥ ቆይቶ ቅጂዎቹ በርካሽ ገበያ ላይ ፈሰሱ። በ2014 መጀመሪያ ጌትዌይ አዲስ ስሪት ለቀቀ፤ ወዲያው ማጫወቻችን ሞተብን የሚሉ ሰዎች በዙ። ባለሙያዎች ሶፍትዌሩን ፈትተው ሲያዩት በውስጡ ወጥመድ ተቀብሮ አገኙ። ቅጂ ካርድ ላይ ነው ያለሁት ብሎ ከጠረጠረ የማጫወቻውን የውስጥ ማህደር የሚያበላሽ ኮድ ነበር። ዋናውን ካርድ የገዙ ሰዎችም ተጎዳን አሉ። አንዳንዶቹ ማጫወቻቸውን ያስነሡት ቦርዱ ላይ ሽቦ አስበይደው፣ ማህደሩን በሌላ ኮምፒዩተር አስከፍተው ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሰው ይጠይቅ የነበረው «ይሠራል?» ብሎ ነው። ጌትዌይ ይሠራ ነበር። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አንድ ቺፕ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ታማኝ ግን ላይሆን ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ብዙዎች የተረዱት ማጫወቻቸውን ካጡ በኋላ ነው።

2018፦ ቺፕ ያላስፈለገው ቀዳዳ

ኒንቴንዶ ስዊች ማርች 3 ቀን 2017 ወጣ። ቤት ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ ውጭ ሲወጣ በእጅ ይያዛል። ልቡ የኤንቪዲያ ቴግራ ኤክስ1 ፕሮሰሰር ነው። ይህ ፕሮሰሰር በሌሎች ዕቃዎችም ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ሰዎች ሊያጠኑት ይችሉ ነበር። በዲሴምበር 2017 በጀርመን ላይፕሲሽ በተካሄደው ዓመታዊው የኬዎስ ኮምፒዩተር ክለብ ጉባኤ ሦስት ተመራማሪዎች የስዊችን መከላከያ ምን ያህል ዘልቀው እንደገቡ አሳዩ።

በጃንዋሪ 2018 ቲም ኤክዜኩተር የሚባለው ቡድን ተነሣ። ይህ ቡድን ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዘመን ጀምሮ ሞድቺፕ ሲሸጥ የኖረ ነው። አሁን በየትኛውም ስሪት፣ በሁሉም ስዊች ላይ የሚሠራ መላ አለን አለ። የጌትዌይን ትምህርት የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይጠራጠራል። ገደብ የሌለው ቃል የአጭበርባሪ ምልክት አልነበረምን?

ነገር ግን ሰፊ ቃልም ስፋቱን የሚያስረዳ ምክንያት ካለው ይታመናል። ፕሮሰሰሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው የመነሻ ኮድ በፋብሪካ ውስጥ በራሱ በፕሮሰሰሩ ላይ የታተመ ነው። አፕዴት አይደርስበትም። ቀዳዳው እዚያ ካለ የስሪት ቁጥር ለውጥ አያመጣም። ይህን ግምት ያጠናከሩት ሌሎች እጆች ናቸው። ፌይልኦቨርፍሎው የሚባለው ቡድን ያገኘው ቀዳዳ በመነሻ ኮዱ ውስጥ መሆኑን፣ ሞድቺፕም እንደማያስፈልገው ተናገረ፤ በፌብሩዋሪ ስዊች ላይ ሊኑክስ ሲሠራ አሳየ። ተመራማሪዋ ኬት ቴምኪን በበኩሏ ያገኘችውን ለኤንቪዲያና ለኒንቴንዶ አስቀድማ አሳውቃ ነበር። እርስ በርስ የማይደጋገፉ፣ እንዲያውም የሚፎካከሩ ሰዎች ወደ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ወሬው ወሬ መሆኑ ያበቃል።

ኤፕሪል 23 ቀን 2018 የቴምኪን ግኝት ፉዜ ዠሌ በሚል ስም ታወቀ፤ ፌይልኦቨርፍሎውም የራሱን በዚያው ቀን ለቀቀ። ቀዳዳው ቀላል ነበር። ማጫወቻው ወደ ጥገና ሁኔታ ሲገባ በዩኤስቢ ገመድ ትእዛዝ ይቀበላል። ትእዛዝ ሰጪው «ይህን ያህል ባይት መልስልኝ» ሲለው ልኩን ሳይፈትሽ እስከ 65,535 ባይት ይገለብጣል፤ የተገለበጠው ሞልቶ ይፈስና ፕሮሰሰሩ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የተመዘገበበትን ቦታ ይሸፍናል። ወደ ጥገና ሁኔታ ለማስገባት ደግሞ በቀኝ መቆጣጠሪያው መስመር ላይ ያለችን አንዲት ፒን ማገናኘት ያስፈልግ ነበር። የወረቀት መያዣ ክሊፕ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ14 ሚሊዮን በላይ ስዊቾች ተሸጠው ነበር፤ አንዱም በአፕዴት ሊድን አልቻለም።

ቲም ኤክዜኩተር ኤስኤክስ ፕሮ የተባለውን ዕቃውን በጁን ወር ሸጠ። ይሠራ ነበር። ያ ሁሉ ሰው በነፃ ያገኘውን ቀዳዳ ነበር ግን የሚጠቀመው። በዚያው ወር አንድ ተመራማሪ ሶፍትዌሩን ፈትቶ፣ ሊነካካኝ የሚሞክር አለ ብሎ ከጠረጠረ የማጫወቻውን የውስጥ ማህደር በይለፍ ቃል የሚቆልፍ ኮድ እንዳለበት አወጣ። ከጌትዌይ አራት ዓመት በኋላ ያው ወጥመድ ነበር። ልዩነቱ ይህኛው በሳምንታት ውስጥ መታወቁ ነው። ሰዎች ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ተምረው ነበር።

2019 እና 2020፦ ላይት ላይ የወረደው ወሬ

ኒንቴንዶ ዝም አላለም። በ2018 አጋማሽ ከፋብሪካ የሚወጡት ስዊቾች ቀዳዳው ተደፍኖ ወጡ። ያገለገለ ማጫወቻ የሚገዙ ሰዎች በጀርባው ያለውን መለያ ቁጥር እያነበቡ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ያዙ። በኦገስት 2019 ባትሪው እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ አዲስ ስዊች መጣ፤ ሴፕቴምበር 20 ቀን ደግሞ ከእጅ የማይወጣው ትንሹ ስዊች ላይት በ200 ዶላር ገደማ ተሸጠ። የሁለቱም ፕሮሰሰር ተሻሽሏል። ፉዜ ዠሌ አይሠራባቸውም።

በዚህ ጊዜ ነው በዘርፉ ከተሰሙት ወሬዎች ሁሉ ትልቁ የተነሣው። ቲም ኤክዜኩተር ላይትንም አዲሱን ስዊችም የሚፈታ ቺፕ ሠርተናል አለ፤ በ2019 መጨረሻም ፎቶ አሳየ። ለላይት የሚሆነው ኤስኤክስ ላይት፣ ለትልቁ የሚሆነው ኤስኤክስ ኮር ተባለ።

ክርክሩ ለወራት ቀጠለ። የሚጠራጠሩት ጥሩ ምክንያት ነበራቸው። የታወቀው ቀዳዳ በሃርድዌር ተደፍኗል፤ ሌላ ቀዳዳ መኖሩን የተናገረ ተመራማሪ የለም፤ ፎቶ ደግሞ የማንም ሰው ሥራ ነው። ያኛው ወገን የሚያነሣው የቡድኑን ታሪክ ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ሞድቺፕ ሸጠው ያውቃሉ፣ ከዚህ በፊት ይሠራል ያሉት ሠርቷል። ሁለቱም ወገን የሚመዝነው ሰውን ነው፤ አንዱ የቡድኑን ስም፣ ሌላው የተመራማሪዎችን ዝምታ። ማሽኑን የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ማሽኑን የጠየቁት እንዲህ አሰቡ። ኮድ ውስጥ ቀዳዳ ከሌለ ኮዱን የሚያስኬደውን ኤሌክትሪክ መንካት ይቀራል። ፕሮሰሰር ቮልቴጁ ለቅጽበት ቢወርድበት አንድ ትእዛዝ ሊዘል ወይም ሊሳሳት ይችላል። ያ ትእዛዝ «ፊርማው ትክክል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሆነ ማጫወቻው ሳይጠይቅ ያልፋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። በኦገስት 2011 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው ግሊች፣ መንገዱ ቢለያይም፣ መርሁ ይኸው ነበር፤ ፕሮሰሰሩን በትክክለኛዋ ቅጽበት ማደናገር። እንዲህ ያለ ጥቃት የኮድ ቀዳዳ አይፈልግም፤ ስለዚህ ቀዳዳው ተደፍኗል የሚለው መከራከሪያ አይመታውም። ለመሥራት ግን ቺፕ የግድ ያስፈልገዋል፤ የክሊፕና የገመድ ሥራ አይደለም። ወሬውም ስለ ቺፕ መሆኑ ከዚህ ጋር ገጠመ።

ከዚህ ግምት ሌላ ነገር ይከተላል። ወሬው እውነት ከሆነ ቺፑ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ወዳሉት ጥቃቅን ካፓሲተሮች የሚደርስ ሽቦ ሊኖረው ይገባል፤ ቮልቴጁን የሚጥለው በዚያ ነውና። ከውስጥ ማህደሩ መስመሮችም ጋር መገናኘት አለበት፤ የራሱን የመነሻ ኮድ የሚያቀብለው በዚያ ነውና። ቦርዱ ላይ እንደ ጌጥ የተቀመጠ፣ ወደ እነዚህ ቦታዎች የማይሄድ ቺፕ ከታየ ሐሰት ነው። ማንም የሚያምነውን ትቶ ቁጭ ብሎ ሊያጣራው የሚችል ትንቢት ተገኘ ማለት ነው።

በ2020 አጋማሽ ናሙናዎች ከቡድኑ ውጭ ላሉ ሞካሪዎች ደረሱ። የተበየዱበት ቦታ በፎቶ ተለቀቀ። ሽቦዎቹ ወደተባለው ቦታ ይሄዱ ነበር። ሞካሪዎቹ በማጉያ መነጽር ሥር፣ ከአሸዋ ቅንጣት በማይበልጡ ነጥቦች ላይ በየዱ። ማጫወቻው መጀመሪያ ሲበራ ቺፑ ትክክለኛዋን ቅጽበት እስኪያገኝ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካገኛት በኋላ ያስታውሳታል። ከአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ፍተሻው ይዘለላል፣ ላይት ይነሣል። የተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ አገር፣ በራሳቸው ማጫወቻ ላይ ያንኑ አዩ። ክርክሩ በዚያ አበቃ።

ብዙዎቹ ያመኑት በተሳሳተ ምክንያት ነበር፤ የጠረጠሩትም እንዲሁ። ቡድኑ ስላለው ቺፑ እውነት አልሆነም፤ ተመራማሪዎች ዝም ስላሉ ሐሰት አልሆነም። ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ቺፕ የሚፈተነው በቦርዱ ላይ ነው።

ከ2020 እስከ 2022፦ ፍርድ ቤቱ

በሜይ 2020 ኒንቴንዶ እነዚህን ዕቃዎች የሚሸጡ ሰዎችን በአሜሪካ በኦሃዮና በሲያትል ከሰሰ። ኦክቶበር 2 ቀን 2020 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በቲም ኤክዜኩተር መሪዎች ላይ በ11 ወንጀሎች የመሠረተው ክስ ይፋ ሆነ። ከተከሳሾቹ አንዱ ካናዳዊው ጋሪ ባውዘር በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተይዞ ወደ አሜሪካ ተላከ። በ2021 ጥፋቱን አመነ፤ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2022 የ40 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ለኒንቴንዶ 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲክስም ታዘዘ። በአሜሪካ የቅጂ መከላከያን የሚሰብር መሣሪያ መሸጥ ከ1998ቱ ሕግ ወዲህ ወንጀል ነው። ቺፑ እውነተኛ መሆኑ ሕጋዊ አላደረገውም፤ ጌም ሠርተው የሚያድሩ ሰዎችን ድካም ያለ ዋጋ ለመውሰድ የተገዛ ቺፕም በሥነ ምግባር ትክክል አይሆንም። ቡድኑ ሲበተን ቃል የገባው ድጋፍም ከእሱ ጋር ቀረ።

2023፦ በጥቂት ዶላር የተገኘው እውነት

ቲም ኤክዜኩተር ከገበያ ሲወጣ የቻይና ቅጂዎች ቦታውን ያዙ። ዋጋቸው ግን ቀላል አልነበረም፤ በውስጣቸው የሚያስፈልገው ፈጣን ቺፕ ውድ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ አዲስ ወሬ ተነሣ። ራስፕቤሪ ፓይ በጃንዋሪ 2021 በ4 ዶላር ለተማሪና ለሞካሪ ያቀረበው ፒኮ የተባለው ቦርድ፣ ወይም ልቡ የሆነው አርፒ2040 ቺፕ፣ ያንን ሁሉ ሥራ ብቻውን ይሠራል ተባለ። ስሙም ፒኮፍላይ ተባለ።

ሊቃውንቱ እንደገና ተጠራጠሩ። የማህደሩን መስመር እየተከታተለ ቅጽበቷን በትክክል ለመምታት ይህ ርካሽ ቺፕ ይፈጥናል ወይ? ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። መልሱም በማሽኑ ውስጥ ነበር። አርፒ2040 ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይተው፣ በየሰዓት ምቱ ሳይዛነፉ የሚሠሩ ትንንሽ የመስመር መቆጣጠሪያዎች አሉት። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፍጥነት የሚገኘው ከእነሱ ነው።

ሶፍትዌሩ ሲወጣ ግን ክርክር እንኳ አላስፈለገም። ቦርዱ በየአገሩ ኤሌክትሮኒክስ መሸጫ አለ። መበየድ የሚችል ሰው በምሳ ዋጋ ገዝቶ በራሱ ሞከረው። በሳምንት ውስጥ ሠራልኝ የሚሉት በረከቱ፤ ያልሠራላቸውም የት እንደተሳሳቱ ብየዳውን አሳይተው ታረሙ። በ2005 ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይዘው ምሽቱን በቤታቸው የሞከሩት ወጣቶች ያደረጉትም ይኸው ነበር። ወሬ በፍጥነት ወደ እውነት ወይም ወደ ሐሰት የሚለወጠው ማንም ሰው በራሱ እጅ ሊፈትነው ሲችል ነው።

ለአንባቢ

ጁን 5 ቀን 2025 ስዊች 2 ለገበያ ቀርቧል። አጥሩ ካለፉት ሁሉ የጠበቀ ነው፤ ስለሆነም የሞድቺፕ ወሬው መመላለሱ አይቀርም። ያገለገለ ማጫወቻ «ቺፕ አለው» ተብሎ የሚቀርብለትም፣ አዲስ ቺፕ ወጣ ሲባል ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቅም አንባቢ ይኖራል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላል አባባላችን፤ የዚህ ታሪክ መላ አራት ጥያቄ ነው።

የተባለው ነገር ማሽኑ ከሚሠራበት ሥርዓት ጋር ይገጥማል ወይ? ባትሪውን ያዳነው ይህ ጥያቄ ነው። ቃሉ ገደብ አለው ወይ፣ ገደብ ከሌለውስ ለምን እንደሌለው የሚያስረዳ ምክንያት አለ ወይ? ጌትዌይንና የ2018ቱን ቀዳዳ ያሳመነው ይህ ነው። ከሻጩ ጋር ጥቅም የሌለው ሰው በራሱ ማጫወቻ ሞክሮታል ወይ? ክራውንን የጣለው፣ ኤስኤክስ ላይትን ያጸናው ይህ ነው። አራተኛውን ግን አትርሱ፦ በውስጡ ምን ተቀብሯል? ያለ ጥርጥር የሚሠሩት ሁለቱ ዕቃዎች፣ ጌትዌይና ኤስኤክስ ፕሮ፣ የገዢያቸውን ማጫወቻ የሚገድል ኮድ በሆዳቸው ይዘው ነበር።

አራቱ መልስ እስኪያገኙ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ማጫወቻችሁንም አትክፈቱ። ወሬውን ያመነ ሰው ብዙ ጊዜ ማጫወቻውን አጥቷል፤ እውነቱ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው ግን ከትዕግሥቱ በቀር የከፈለው ነገር የለም።